መንታ የሚወልዱ ላሞች፦ ጥጃው ይበዛል፤ ጊደሩስ?

ኒው ሆፕ፣ ሚኒሶታ፦ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ኒው ሆፕ ዛሬ የመኖሪያ ቤቶች፣ የመጋዘኖችና የሰፋፊ መኪና ማቆሚያዎች ከተማ ናት። ከዘጠና ዓመታት ገደማ በፊት ግን የእርሻ ምድር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1936 በክሪስታል ምዕራባዊ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች፣ ለማይጠቀሙበት የከተማ አገልግሎት ግብር አንከፍልም ብለው ተነጠሉና የራሳቸውን አስተዳደር አቆሙ፤ ስሙንም «አዲስ ተስፋ» አሉት። ዛሬ በዚህ ቀዬ ላም አይታይም። ስለ ላም አብዝተው የሚያስቡ ሰዎች ግን አልጠፉም፤ ከእነርሱም አንዱ ከቤቴ ጥቂት በር አለፍ ብለው የሚኖሩ፣ የሰሜን ሸዋ ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ጠርተውኝ ሳለ ስልካቸውን አውጥተው የድምፅ መልእክት አሰሙኝ። ደብረ ብርሃን አካባቢ የምትኖረው እህታቸው ሦስት ድቅል የወተት ላሞች አሏት፤ ላሞቹ የተገዙት እርሳቸው ከዚህ በላኩት ገንዘብ ነው። መልእክቱ የመጣው ከአንድ ነጋዴ ሲሆን፣ ላምን መንታ የሚያስወልድ መርፌ እንዳለ፣ መንታ የሚወልድ ዘር ያላት ጊደርም ማስመጣት እንደሚቻል የሚያስረዳ ነበር። የተጠየቀው ገንዘብ ቀላል አልነበረም።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «ሦስቱ ላሞች በያመቱ ስድስት ጥጃ ቢጥሉልን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በረቱ አይሞላም ወይ?»

«ጋሼ፣ እኔ መሐንዲስ እንጂ የከብት ሐኪም አይደለሁም» አልኳቸው። ቢሆንም ጥያቄው አልለቀቀኝም። መልሱን ስፈልግ ካገኘኋቸው ማስረጃዎች ውስጥ ከጠንካሮቹ አንዱ የተሰበሰበው እኛው በምንኖርበት ግዛት፣ በሚኒሶታ በረቶች ውስጥ ሆኖ ተገኘ።

በመጀመሪያ የላሚቱን ተፈጥሮ እንመልከት። ላም በባሕርይዋ በአንድ ጊዜ አንድ ጥጃ የምትወልድ እንስሳ ናት። በየ21 ቀኑ ገደማ በሚመላለሰው ዑደቷ ውስጥ፣ ፎሊክል የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ እንቁላል የያዙ ውሃ አዘል ከረጢቶች በእንቁላል ዕጢዎቿ ላይ በቡድን በቡድን ሆነው ማደግ ይጀምራሉ። የሚያሳድጋቸው ከአንጎል ሥር ካለችው የፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ከረጢቶቹ እያደጉ ሲሄዱ ግን እነርሱም በተራቸው ሌሎች ሆርሞኖችን እያመነጩ ያንን የሚመግባቸውን ሆርሞን ያሳንሱታል። ምግቡ ሲያጥር ቀድሞ የጎለበተው አንዱ ብቻ ይዘልቃል፤ የቀሩት ይከስማሉ። ይህ ነገር የውሃ ታንከር ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ቧንቧውን እንደሚዘጋው ያለ፣ ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር ሥርዓት ነው። መንታ የሚፀነሰው ቧንቧው ሳይዘጋ ሲዘገይ ነው፤ በአንዱ ፈንታ ሁለት ከረጢቶች ይደርሱና ሁለት እንቁላሎች ይለቀቃሉ። ከአንድ እንቁላል ተከፍለው የሚገኙ፣ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ መንቶች በከብት ዘንድ እጅግ ጥቂት ናቸው።

ታዲያ ይህን ቧንቧ ሆን ብሎ ማዘግየት ይቻላልን? ይቻላል፤ ሲሞከርም ከስድሳ ዓመታት በላይ ሆኖታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ኢያን ጎርደንና ባልደረቦቹ ከነፍሰ ጡር ባዝራ ደም የሚገኝ ሆርሞን ላሞችን በመውጋት መንታ ለማስፀነስ ሞክረዋል። ችግሩ መጠኑን መቆጣጠር አለመቻሉ ነበር። በአንድ ዓይነት መጠን ተወግተው አንዷ ምንም ለውጥ ሳታሳይ ትቀራለች፤ ሌላዋ ሦስትና አራት ትፀንሳለች። ከዚያም በ1970ዎቹ በአየርላንድ አስቀድማ ለተዳቀለች ላም አንድ ተጨማሪ ሽል በማህፀኗ የማኖር ዘዴ ተፈተነ፤ ይህኛው በሳይንስ ረገድ የተሻለ ቢሆንም የሠለጠነ እጅና ብዙ ወጪ ይጠይቃል።

ከሁሉም ረጅሙ ሙከራ የተካሄደው እዚሁ አሜሪካ፣ በነብራስካ ግዛት ክሌይ ሴንተር በሚገኘው የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት የሥጋ እንስሳት ምርምር ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ኪት ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ደጋግመው መንታ የወለዱ ላሞችን አሰባስበው አንድ መንጋ መሠረቱ። ፊታቸው የተደቀነው እንቅፋት የጊዜ ነበር። መንታ የመውለድ ዝንባሌ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በደካማው ነው፤ ላም ደግሞ ቢበዛ በዓመት አንዴ ስለምትወልድ የአንዲቱን ዝንባሌ በወሊዷ ለመለየት ብዙ ዓመታት መጠበቅ ግድ ይላል። ተመራማሪዎቹ ብልሃት ፈጠሩ። ወሊድ ከመጠበቅ ይልቅ ገና ያልወለዱትን ጊደሮች በተከታታይ ዑደቶች እየመረመሩ በእያንዳንዱ ዑደት ስንት እንቁላል እንደለቀቁ ቆጠሩ። እንቁላል የወጣበት ቦታ ላይ «ቢጫ አካል» የሚባል ምልክት ስለሚቀር፣ እርሱን በእጅ ዳሰሳና በኋላም በአልትራሳውንድ መቁጠር ይቻላል። አንድ ጊዜ የተለካ ነገር ብዙም አይናገርም፤ ስድስትና ሰባት ጊዜ የተለካ ግን ይናገራል። በዚህ መንገድ ሲመርጡና ሲያዳቅሉ ኖረው፣ ከመቶ ወሊድ ሦስትና አራት ብቻ የነበረውን የመንታ መጠን ከሃያ ዓመታት በኋላ ወደ ሃምሳ ገደማ አደረሱት። ከሁለት ወሊድ አንዱ መንታ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው መንገድ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በኒው ዚላንድ ትሬብል የተባለች አንዲት ላም ሦስት ጊዜ ሦስት ሦስት ጥጃ ወለደች። ትሪዮ የተባለው ወንድ ልጇ አባለ ዘር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ከእኛ በስተምሥራቅ ባለችው ጎረቤት ግዛት በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በብራየን ከርክፓትሪክ ተጠና። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት ምስጢሩ በአሥረኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ የዘር ለውጥ መሆኑ ታወቀ። ይህን ለውጥ ከአንድ ወላጇ ብቻ የወረሰች ላም በየዑደቷ በአማካይ አንድ ተጨማሪ እንቁላል ትለቃለች። በእርሷ ዘንድ ከረጢቶቹ አነስ ብለው ስለሚያድጉ የሚያመነጩት ሆርሞን ቧንቧውን ለመዝጋት ይዘገያል።

እንግዲህ ሳይንሱ አለ። ጎረቤቴን ያነጋገረው ነጋዴ «መንታ የሚወልድ ዘር አለ» ሲል ከሜዳ ተነሥቶ የፈጠረው አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ነገሩ ይህን ያህል ከተቻለ በዙሪያችን ያሉት የሚኒሶታና የዊስኮንሲን የወተት ገበሬዎች ለምን አልተሻሙበትም?

በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ በሚካሄደው የሚኒሶታ ግዛት ትርኢት ላይ ላሞች፣ በጎችና አሳማዎች በሕዝብ ፊት የሚወልዱበት አዳራሽ አለ። ልጆቻችንን ይዘን ሄደን የምናይ ብዙዎች ነን። እዚያ መንታ ጥጃ ቢወለድ ተመልካቹ ማጨብጨቡ አይቀርም፤ የወተት ላም ባለቤት ግን እጁን የሚያጨበጭብ አይመስለኝም። ምክንያቱን ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2007 የዊስኮንሲንና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ጥናት ማየት ይበቃል። ጥናቱ ከ1996 እስከ 2004 ድረስ በሚኒሶታ ከአራት ሺህ በላይ በሆኑ የሆልስታይን መንጋዎች የተመዘገቡ 2.3 ሚሊዮን ያህል ወሊዶችን መረመረ። መንታ የተገኘው በ4.2 በመቶው ነበር፤ መጠኑም በእነዚያ ዓመታት ከ3.4 ወደ 4.8 በመቶ አድጓል። ማንም ፈልጎት አይደለም። በየቀኑ ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም ብዙ መብላት አለባት፤ ብዙ ስትበላ በጉበቷ የሚያልፈው ደም ይበዛል፤ ጉበቷም ሆርሞኖቹን ቶሎ ቶሎ እያጣራ ያስወግዳቸዋል፤ ቧንቧውም ሳይዘጋ ይቆያል። መንታው የወተቱ ጥላ ሆኖ መጣ ማለት ይቻላል።

የጥናቱ ከባዱ ቁጥር ግን የሞት ቁጥር ነው። ለብቻቸው ከተወለዱት ጥጆች የሞቱት 7.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ከመንቶቹ መካከል የሞቱት 28.2 በመቶ ነበሩ። ይህ የሆነው የእንስሳት ሐኪም በስልክ ጥሪ በሚደርስበት፣ በረቱ በሚሞቅበት፣ መኖው በሚመዘንበት አገር ነው። የላም ማህፀን እንደ ቀንድ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች አሉት፤ ሁለቱ ሽሎች በአንዱ ክንድ ውስጥ ከተጨናነቁ እርግዝናው የመጨንገፍ ዕድሉ ከፍ ይላል። ከዘለቀም ብዙውን ጊዜ ከቀኑ ጥቂት ቀደም ብሎ ያበቃል፤ ጥጆቹ ቀለል ያሉ ናቸው፤ በምጥ ጊዜ እግርና ራሳቸው ይጠላለፋል፤ የእንግዴ ልጁ በጊዜው አልወጣ ይላል፤ ላሚቱ ትታመማለች፤ እንደገና ለመፀነስም ትዘገያለች። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ደምረውና ቀንሰው፣ በአሜሪካ የወተት እርባታ አንድ የመንታ እርግዝና ባለቤቱን ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር ገደማ እንደሚያከስረው ገምተዋል።

ይህም ሆኖ፣ ጥሩ እንክብካቤ ቢኖር ኖሮ ሞቱም ሕመሙም ይቀንስ ነበር የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ልክ ነው። የማይቀነስ አንድ ነገር ግን አለ፤ ጎረቤቴም ሲሰሙት ስኒያቸውን ያስቀመጡት በዚህ ነው።

ሁለቱ መንቶች አንዱ ወንድ፣ ሌላዋ ሴት ሲሆኑ ሴቷ ጥጃ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መካን ናት። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሃንተር እንዲህ ያሉትን ጊደሮች እ.ኤ.አ. በ1779 ገልጿቸዋል፤ ምክንያቱን በግልጽ ያስረዳው ግን በ1916 እና በ1917 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ሊሊ ነው። በላም ማህፀን ውስጥ የመንቶቹ የእንግዴ ልጅ የደም ሥሮች ገና በእርግዝናው መጀመሪያ ይገናኛሉ። የወንዱ ሽል የራሱን አካል ለመቅረጽ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች በዚያ መንገድ ወደ እህቱ ይሻገሩና የእርሷን የመራቢያ አካል ሳይጠናቀቅ እንዲቀር ያደርጉታል። ከመቶ እንዲህ ያሉ ጊደሮች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አይወልዱም። ፈረንጆቹ ፍሪማርቲን ይሏታል።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ብል አንባቢ ይታገሠኝ። እ.ኤ.አ. በ1945 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሬይ ኦውን የተባለ ሳይንቲስት የመንታ ጥጆችን ደም ሲመረምር አንዱ የሌላውን የደም ሴሎች በሰውነቱ ተሸክሞ፣ ያለ አንዳች ጠብ እንደሚኖር አየ። የአንዱ ሰውነት የሌላውን ባዕድ ብሎ አልተዋጋውም። ይህ ግኝት ፍራንክ በርኔትና ፒተር ሜዳዋር በ1960 የኖቤል ሽልማት ላገኙበት፣ ሰውነት ባዕድ አካልን መታገሥ የሚማርበትን መንገድ ላስረዳው ምርምር መነሻ ሆነ። የኩላሊትና የልብ ንቅለ ተከላ ሳይንስ ከውለታዎቹ አንዱን ያለበት ለእነዚያ የዊስኮንሲን ጥጆች ነው። ለገበሬው ግን ያ የተገናኘ የደም ሥር ኪሣራ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። መቶ ላሞች አሉን እንበል፤ እያንዳንዷም በሁለት ዓመት አንዴ የምትወልድ ትሁን። በዓመት ሃምሳ ወሊድ ይኖራል። ሁሉም ነጠላ ከሆኑ ሃያ አምስቱ ሴት ጥጆች ናቸው፤ ሃያ አምስት የወደፊት እናቶች። አሁን ደግሞ በአስማት የመንታውን መጠን ወደ ሃያ በመቶ አሳደግነው እንበል። አርባው ወሊድ ነጠላ፣ አሥሩ መንታ ይሆናል። የጥጆቹ ቁጥር ከሃምሳ ወደ ስድሳ አደገ፤ እልል ያሰኛል። ነገር ግን ከአርባዎቹ ነጠላዎች ሃያዎቹ ሴቶች ናቸው። ከአሥሩ መንታ ወሊዶች ደግሞ ግማሹ፣ አምስቱ፣ ወንድና ሴት ቅልቅል ናቸው፤ የእነርሱ ሴቶች መካኖች ናቸው። ሁለቱም ሴቶች የሚሆኑት በአማካይ ሁለት ተኩል ወሊዶች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ አምስት ጊደሮች ይገኛሉ። ሃያና አምስት፣ ሃያ አምስት።

ስንት ጊዜ ቢደመር ለውጥ የለውም። የመንታውን መጠን ወደ ሃምሳ ብናሳድገውም ውጤቱ ያው ሃያ አምስት ነው። የነጠላ ወሊድ ግማሽ ዕድል ለአንዲት ጤነኛ ጊደር ነው፤ የመንታ ወሊድ ደግሞ ሩብ ዕድል ለሁለት ጤነኛ ጊደሮች ነው፤ ሁለቱ እኩል ናቸው። በዚህ ላይ የሚኒሶታውን የሞት ቁጥር ስናክልበት፣ መንታ በሌለው መንጋ ከሃያ አምስቱ ጊደሮች ሃያ ሦስት ያህሉ ሲተርፉ፣ ሃያ በመቶ መንታ ባለው መንጋ የሚተርፉት ሃያ ሁለት ገደማ ይሆናሉ። መንታ ሥጋን ያበዛል እንጂ እናቶችን አያበዛም። የጎረቤቴ ሕልም ደግሞ ሥጋ አልነበረም፤ በረት የሚሞሉ ላሞች ነበሩ።

የነብራስካው ማዕከል ስሙም የሥጋ እንስሳት ምርምር ማዕከል መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ጥጃውን አሳድጎ ለሥጋ ለሚሸጥ ሰው መካኗ ጊደርም እንደ ወንድሟ ትደልባለች፤ አንዲት ላም ዓመቱን ሙሉ የምትበላው መኖ ለሁለት ጥጃ ሲካፈል የእያንዳንዱ ወጪ ይቀንሳል። ማዕከሉም መንታ የወለዱ ላሞች ጡት እስኪያስጥሉ ያሳደጉት የጥጃ ክብደት ድምር ነጠላ ከወለዱት በግልጽ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይህ የሚሆነው ግን መንታ ያረገዘችው ላም ቀድማ ታውቃ፣ ተለይታ፣ ተጨማሪ መኖ ተሰጥቷት፣ በምጧ ሰው ካጠገቧ ሳይለይ ነው። በፆታ የተለየ አባለ ዘር መጠቀምም ቅልቅል መንታን ሊያስቀር ይችላል፤ ያኔ ስሌቱ ይለወጣል፤ ወጪውም አብሮ ይጨምራል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ጥያቄው ፈጽሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ያህል የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ የሚስተካከላት የለም። የአገር በቀሏ ላም በቀን የምትሰጠው ወተት በአማካይ አንድ ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። ያንን ለሁለት ጥጃና ለአንድ ቤተሰብ ማካፈል እንዴት እንደሚሆን የሚያውቀው ያለበ ሰው ነው። ጊደሯ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትጥለው አራት ዓመት ሞልቷት ወይም አልፏት ነው፤ ከዚያም በሁለት ወሊዶች መካከል ሁለት ዓመት ገደማ ያልፋል። አንዲት መካን ጊደር በሚኒሶታ ቶሎ ተለይታ ትሸጣለች፤ በእኛ አገር ግን ዛሬ ነገ ትወልዳለች እየተባለ አራትና አምስት ዓመት ሣርና ገለባ ትበላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእርሷ ይመስላል።

ያንኑ የመቶ ላም ስሌት በሌላ መንገድ እንሥራው። መንታውን ተወት አድርገን በሁለት ወሊዶች መካከል ያለውን ጊዜ ከ24 ወር ወደ 16 ወር ብናሳጥረው፣ በዓመት ሃምሳ የነበረው ወሊድ ሰባ አምስት ይሆናል። ሴት ጥጆቹ ከሃያ አምስት ወደ ሠላሳ ሰባት ከፍ ይላሉ፤ አንዷም በወንድሟ ደም የመከነች አይደለችም። ወተቱም አብሮ ይጨምራል፤ ላም የምታልበው ከወለደች በኋላ ነውና። ጎረቤቴ የሚፈልጉት የተሞላ በረት የተደበቀው በመርፌው ውስጥ ሳይሆን በእነዚያ ባክነው በሚቀሩ ስምንት ወራት ውስጥ ነው።

ወራቱ የሚባክኑት ለምንድን ነው? ከወለደች በኋላ የከሳች ላም ሰውነቷ እስኪያገግም ዑደቷ አይመለስም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት መኖ ነው፤ በተለይም ከመውለዷ በፊት ባሉት ሁለት ወራትና ከወለደች በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የምትበላው። ሁለተኛው ምክንያት ዓይን ነው። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት አጭር ነው፤ የዜቡ ዝርያዎች ምልክት ደግሞ ይበልጥ አጭርና ድብቅ ሲሆን ብዙ ጊዜም በሌሊት ይመጣል። ጠዋት የታየች ላም ማምሻውን፣ ማምሻውን የታየች በማግሥቱ ጠዋት ብትዳቀል ይመረጣል። አንድ ቀን ካለፈ 21 ቀን ይጠበቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካለፈ ወቅቱ አብሮ ያልፋል። አዳቃዩ ባለሙያ ቅዳሜና እሑድ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ከሰባት ዕድል ሁለቱ አስቀድሞ ጠፍተዋል። በኢትዮጵያ ከአሥር ዓመታት በላይ የተሠራበት፣ ላሞችን በሆርሞን በአንድ ጊዜ ለድቀላ ዝግጁ የማድረግ ዘዴ ይህን ለማቃለል የመጣ ነው። በሐዋሳና በአዲግራት አካባቢዎች በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በተመራ ፕሮጀክት ተፈትኖ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው እዚህ ጋ ነው። ያ መርፌ የላሞቹን ቀን የሚያገጣጥም እንጂ መንታ የሚያስወልድ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሻጭ ወይ አያውቅም፤ ወይ አውቆ ነው። በእርግጥም ብዙ እንቁላል የሚያስለቅቅ ሆርሞን አለ፤ እርሱ ግን ከላይ እንዳየነው ሦስትና አራት ሊያስፀንስ ይችላል፤ ዓላማውም በሠለጠነ እጅ ሽል ሰብስቦ ለሌሎች ላሞች ማካፈል ነው። ቆላ ደጋ ሳይል በየበረቱ የሚወጋ ነገር አይደለም።

መንታ መውለድ በአገራችን ፈጽሞ ፋይዳ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ቦታው በግ ነው። በበግ ማህፀን የመንቶቹ የደም ሥሮች በአብዛኛው አይገናኙም፤ ስለዚህ ከወንድሟ ጋር የተወለደች ግልገል ያለ ችግር እናት ትሆናለች። የካፋው የቦንጋ በግና የወለጋው የሆሮ በግ በመንታ መውለዳቸው ከጥንት የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በቦንጋ፣ በሆሮ፣ በመንዝና በአፋር ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ራሳቸው ተሰብስበው የሚራቡትን አውራዎች የሚመርጡበት ሥራ ተጀምሯል። ቦንጋ ላይ መንታነትም ከመምረጫዎቹ አንዱ ነው። በአውስትራሊያ የቡሩላ ሜሪኖ በግ እንቁላል የሚያበዛው የዘር ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2001 በሦስት የምርምር ቡድኖች ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ ደግሞ በጥቂት ጠብታ ደም መለየት ተችሏል። አሥር በግ ያላት የመንዝ እናት ከመንታ የምታገኘው ትርፍ፣ ሦስት ላም ያላት የደብረ ብርሃን እናት ከምታገኘው ይልቅ የተረጋገጠ ነው።

ድቅል ላሞች ወተታቸው እየጨመረ ሲሄድ ግን ሳይጠሩትም መንታው መምጣቱ አይቀርም፤ በሚኒሶታ የሆነው ይህ ነው። በቢሾፍቱ፣ በሱሉልታና በሆለታ ብዙ ወተት የሚታለብባቸው በረቶች ካሁኑ ሊያውቁት ይገባል። ከተዳቀለች አንድ ወር ካለፈ በኋላ በአልትራሳውንድ መንታነቱን ማየት ይቻላል፤ መሣሪያው ባለበት። መንታ ያረገዘች ላም ከሌሎቹ ቀደም ብላ ከመታለብ መታቀብና መኖ መጨመር ያስፈልጋታል። ከወለደች በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የእንግዴ ልጁ ካልወጣ ሐኪም ይጠራ፤ ጎትቶ ማውጣት ማህፀኗን ይጎዳል። እንገሩን በተመለከተ አንድ ቃል ልበል። ለቤተሰብ የሚጣፍጥ ምግብ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም በልጅነቴ በልቼዋለሁ፤ ነገር ግን የጥጃ ሰውነት በሽታ መከላከያውን የሚያገኘው ከእርሱ ብቻ ነው፤ ያውም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት። መንታ ሲሆኑ ብርቱው ደካማውን ገፍቶ ስለሚጠባ ለሁለተኛው በጠርሙስ መስጠት ያሻል። ወንድና ሴት ሆነው ከተወለዱ ደግሞ ሴቷን በመጀመሪያው ወር ሐኪም ይያት። የመካኗ ጥጃ ብልት ውስጡ አጭር ስለሆነ በንጹሕ ለስላሳ ዘንግ በመለካት ብቻ ብዙውን ጊዜ ይታወቃል። ለአምስት ደቂቃ ሥራ የአራት ዓመት መኖ ይተርፋል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ያስረዳኋቸው በሁለተኛው ቅዳሜ ነበር። ስሌቱን በናፕኪን ላይ ሠርቼ ሰጠኋቸው፤ ሃያና አምስቱን ሁለት ጊዜ ራሳቸው ደመሩት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ስልካቸውን አንሥተው ለእህታቸው ደወሉ። እዚያ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰላምታው ረዘም ብሎ አለፈ፤ የልጆቹ ጤና፣ የዝናቡ ነገር፣ የገበያው ነገር።

«እቴ፣ ያችን ዳለቻዋን ጥጃ የጣለችው መቼ ነበር ያልሽኝ?»

የእህታቸው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ለእኔም ተሰማኝ። «ካቻምና ግንቦት ላይ ነዋ፣ ወንድም ጋሼ።»

ጎረቤቴ ናፕኪኑን ገልብጠው በጀርባው ወራቱን መቁጠር ጀመሩ።